ከመቃብር ጠባቂው ካርድ ላይ ያስቀረኋት መስመር

ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ! እሳቸው «ካርታ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ቁማር ነው ብለው ለቁማሩ ቀኖና ይሰጡኛል፤ ዋናው ኃጢአቴ ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ ለእርስዎ ልናዘዝ፣ አንባቢዬ። እስቲ ይስሙኝ፤ ለመፍረድ ብቻ አይቸኩሉ።

ኃጢአቴ ይኸው፦ ደሳለኝን አታልያለሁ። ደሳለኝ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው፣ አባቱ ሸማኔ፤ እኔ የቀጨኔ ልጅ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል አብረን ስንማር የዘንዶና የጠንቋይ ካርድ ጨዋታ ለከፈን። ሁለት ሰው ይገጥማል፣ እያንዳንዱ ሃያ ሃያ ነፍስ ይዞ ይጀምራል፣ አውሬ እያወጣም የሌላውን ነፍስ ይጨርሳል፤ በቃ። ካርዱን እዚህ የሚሸጥ አልነበረም። የተዋስናትን አንዲት ሳጥን ካርድ ፎቶ ኮፒ አስነስተን ካርቶን ላይ እንለጥፋለን። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ በቁራጭ ወረቀት እጽፍና እንግሊዝኛው ላይ እለጥፈዋለሁ። ከክፍሉ በእንግሊዝኛ እኔን የሚያህል አልነበረማ! እኔ የጻፍኩት ሕግ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም።

አንድ ቅዳሜ ሦስት ካርዶች ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ሳለሁ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ደወሉ የሚባለው ካርድ የራሴን አውሬ ይሠዋና አውሬ ማውጫ ኃይል ይሰጠኛል። መቃብር ጠባቂው የሞተውን አውሬ ወደ እጄ ይመልሰዋል። የአመድ ንግሥቷ ደግሞ አውሬ ባወጣሁ ቁጥር ከባላጋራዬ አንድ ነፍስ ትቀንሳለች። እሠዋዋለሁ፣ ይመለሳል፣ በደወሉ ኃይል መልሼ አወጣዋለሁ፣ አንድ ነፍስ! እንደገና! ኧረ እንደገና! ማቆሚያ የለውም! ብድግ ብዬ ጨፈርኩ፤ እናቴ «ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ብላ ከጓዳ ወጣች። አሁን ይህን ስነግርዎት እንኳ ብድግ ብዬ መጨፈር ያምረኛል። አልዋሽዎትም።

ከዚያ የመቃብር ጠባቂውን ግርጌ አነበብኩ። «በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ብቻ» ይላል። ደስታዬን ውኃ በላው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? መተው! እኔ ግን ምን አደረግኩ? ያቺን መስመር ሳልተረጉም እንግሊዝኛውን ሸፈንኩት። እጄ አልሳተም፣ ዓይኔም አልደከመም። እኔ ነኝ፣ ዐውቄ፣ ሙጫ ቀብቼ።

በሳምንቱ ደሳለኝን ገጠምኩት። በእኛ ደንብ የተሸነፈ ሰው አሸናፊው የመረጠውን ካርድ ይሰጣል። እሱ ወንድሙ የላከለት የሚያብለጨልጭ ዘንዶ ነበረው፤ ኮፒ ያልሆነው ብቸኛ ካርዳችን። በአንድ ተራ ጨረስኩት! ካርዴን አንስቶ አማርኛዬን ደጋግሞ አነበበና፣ ይናደዳል ስል፣ «አንቺ! ይሄን እንዴት አሰብሽው?» ብሎ አቀፈኝ። ዘንዶውን ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ። እኔም ተቀበልኩ። ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነኝ?

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጨዋታውን ተውኩ፤ ሦስቱን ካርዶች ለማስታወሻ ብዬ ለደሳለኝ ሰጠሁት። ዘንዶውን ግን አስቀረሁ። እሱ ጨዋታውን አልተወም። ዛሬ የሸማ ሱቅ አለው፤ ከሱቁ ጀርባ የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስቦ ያጫውታል፣ ያንን የሦስቱን ካርዶች ቅንብርም በእኔ ስም ነው የሚጠሩት። ባለፈው ወር ደውሎ «ቦሌ ውድድር አለ፣ ኮፒ ካርድም ይፈቀዳል፣ ያንቺን ይዤ ልገባ ነው!» አለኝ። እዚያ ኦሪጅናሉን የሚያውቁ ሰዎች እንደማይጠፉ ዐውቄያለሁ። ልነግረው ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋቸው ግን የድሮው እሳት ያዘኝ! ይህን አውጣ፣ ያንን ጨምር እያልኩ አብሬው ስደረድር ዋልኩ። ደግሞ ምን የመሰለ ውሎ ነበር! ሳልነግረው ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ። ሰው አንድ ጓደኛውን ሁለት ጊዜ ይሸጣል?

የውድድሩ ቀን ስልኬ ጮኸ። ከጀርባው ጫጫታ ይሰማል። «አጭበርባሪ እያሉኝ ነው» አለ ደሳለኝ። «ኦሪጅናሉ ላይ ሌላ መስመር አለ ይላሉ። የተረጎመችው ጓደኛዬ ናት፣ እሷ አትሳሳትም ብያቸዋለሁ። እስቲ ንገሪያቸው።» ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

እኔም «እ... ማለቴ... ተሳስቼ ይሆናል» አልኩ።

አጭበርባሪ ከመባል አዳንሽው ይሉኝ ይሆናል። አይበሉ! ያዳንኩት ራሴን ነው። እሱን ከውድድሩ አስወጡት። ከአዳራሹ እንደወጣ መልሶ ደወለ፤ ለምን ይመስልዎታል? እኔን ሊያጽናና! «አይዞሽ፣ ልጅ ነበርሽ እኮ። ሰው ይሳሳታል» አለኝ።

እርስዎን ይቅርታ አልለምንም። እሱ ይቅር ብሎኛል፤ ይቅር ያለኝ ግን ላልሠራሁት ስህተት ነው። ዘንዶው ይኸው ፊቴ ያብለጨልጫል። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ይዤው ሽሮ ሜዳ እወጣለሁ። ደሳለኝ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ሊያቅፈኝ እጁን ይዘረጋል። ከማቀፉ በፊት መናገር አለብኝ።