የማይሸጠው ካፖርት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ዛሬ ጠጉሬ ገብስማ ሆኗል፤ ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ግን ብቻዬን እስቃለሁ። ብልጥ ነኝ ባይ ሰው ላይ እግዜር እንዴት እንደሚስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። አንድ አሮጌ የጣሊያን ኮት ፈትቼ፣ መልሼ ሰፍቼ፣ እንደገና ፈትቼ ነው ሙያውን ያወቅሁት። ፊደልም ቢሆን ከቄስ ትምህርት ቤት አጥር ውጭ ቆሜ የለቀምኩት ነው። ስለዚህ ትንሽ ብኩራራ አይፈረድብኝም። በከተማው ከኔ የሚሻል ሰፊ አልነበረም፤ ከነበረም ተደብቆ ነው የሚሰፋው።

ሱቄን የገዛሁት አያ ፈረደ ከሚባሉ የዳባት ሽማግሌ ነው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። መጀመሪያ ተከራይቻቸው ነበር፤ እርጅና ሲጫናቸው ሸጡልኝና አገራቸው ገቡ። ውሉን በሁለት ምስክር ፊት ጻፍን፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን አተሙበት። ከሱቁ ጓዳ ከባለቤቴ ከይርገዱና ከልጆቼ ጋር እኖር ጀመር።

"ውሉን የት አኖርከው?" አለችኝ ይርገዱ።

"አይጥ የማይደርስበት፣ ሌባ የማይጠረጥረው ቦታ።"

ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ሥራዬን እንዲያይ ብዬ ምስማር ላይ የሰቀልኩት ጥቁር ካፖርት ነበረኝ። የጀርባውን ገበር ፈትቼ ወረቀቱን አጣጥፌ ከተትኩና መልሼ ሰፋሁት።

"ምነው፣ ሣጥን ጠፍቶ ነው?" አለች።

"ሣጥንማ ሌባ ሁሉ ይከፍተዋል። የኔን ስፌት ግን ከኔ በቀር ማንም አይፈታው!"

ለጠየቀኝ ሁሉ "ይህ ካፖርት አይሸጥም" እል ነበር። ዓመታት አለፉ። አያ ፈረደም አረፉ፤ ወሬውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ አንድ ረጅም ሰው ወደ ሱቄ ገባ። ጣራውን አየ፤ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ ዓይኑ ካፖርቱ ላይ አረፈ።

"ይኸስ?"

"አይሸጥም።"

"ባይሸጥም ሸጋ ነው። በጎንደር እንዲህ ያለ እጅ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።"

"እስቲ ድገመው" አልኩት።

ደገመው። ከዚያ በኋላ ራሴን አላውቅም። ካፖርቱን አውርጄ አለበስኩት፤ ትከሻው ላይ ልክክ አለ። "በል፣ ላንተ የተሰፋ ነው!" ብዬ ሸጥኩለት። እሱ ሄደ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ እያፏጨሁ ዋልኩ። ውሉ በሐሳቤም አልመጣ።

ወር ሳይሞላ መጥሪያ ደረሰኝ። አበጀ የሚባል የአያ ፈረደ የወንድም ልጅ፣ "ወራሽ ነኝ፤ ሰውየው የአጎቴ ተከራይ ነውና ቤቱን ይልቀቅልኝ" ብሎ ከሶኛል። ሳቅኩ።

"ሕግ ምን እንደሆነ ለዳኛው ራሱ አስተምረዋለሁ!" አልኳት ይርገዱን።

"ከማስተማርህ በፊት ውሉን አምጣ።"

ቀና አልኩ። ባዶው ምስማር አፍጥጦ አየኝ።

ይርገዱ አልጮኸችም። ቁጭ አለችና "ልጆቹን ይዘን የት እንገባለን?" አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከምስክሮቹ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው ወደ ሰቲት ወርዶ ደብዛው ጠፍቷል። የገዢውን ስም እንኳ አልጠየቅኩትም። በየቅዳሜው ገበያ ውስጥ ጥቁር የለበሰ ጀርባ ሁሉ እየተከተልኩ ስዳስስ፣ አንዱ ኪስ አውላቂ መስየው በዱላ ሊለኝ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ችሎት ገባሁ። "ከሳሽ አበጀ!" ተብሎ ሲጠራ ያ ረጅም ሰው ብድግ አለ። ካፖርቴን ለብሶታል! እልል ማለት ቃጣኝ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። "ተከሳሽ፣ ቤቱን ገዝቻለሁ ትላለህ። ውል አለህ?"

"አለኝ፣ ጌታዬ።"

"የታለ?"

"ከሳሽ ለብሶታል።"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ተቆጡ፤ እኔም እየተንተባተብኩ ነገሩን ከነምስማሩ ተናገርኩ። ይሄኔ አበጀ ካፖርቱን ጥብቅ አድርጎ ያዘና፣

"ጌታዬ፣ ይህን ካፖርት ገዝቸዋለሁ! ከነቁልፉ፣ ከነገበሩ የኔ ነው። ውስጡ ያለውም የኔ ነው!" አለ።

እውነቱን ልናገር፣ በክርክሩ ቀናሁ። እኔ ብሆንም ከዚህ የተሻለ አልልም ነበር።

ዳኛው ፈገግታቸውን በእጃቸው ከለሉ። "ልክ ነህ፤ ያንተ ነው። እንግዲያው የራስህን ወረቀት አውጣና አንብብልን።"

ካፖርቱ ወለቀ። መቀሴን ከኪሴ አወጣሁ። ገበሩን ተረተርኩት። ወረቀቱ ዳሩን ላብ ነካው እንጂ ደህና ነበር። አበጀ የቄስ ተማሪ ነበርና ቅዳሴ የቆመ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

"እኔ ፈረደ ቤቴን ለዚህ ልብስ ሰፊ ሸጬለታለሁ። ከእንግዲህ ወንድም ነኝ፣ የወንድም ልጅ ነኝ የሚል ቢመጣ..." እዚህ ላይ ድምፁ ወረደ። "...አይሰማ።"

አበጀ ወረቀቱ ላይ ያለውን የጣት አሻራ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ አየው።

"የአጎቴ ጣት ነው" አለ። "ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ፣ ይኸውና መሃሉ ላይ። አከራይቷል እንጂ ሸጧል ያለኝ አልነበረም። ጌታዬ፣ ክሴን ትቻለሁ።"

ዝም ቢል ኖሮ ያን ጠባሳ ማን ያውቅለት ነበር?

ከችሎቱ ስንወጣ፣ ገበሩ የተንጠለጠለ ካፖርቱን ይዞ ቆመ። "አሁን ይህን ማን ይሰፋልኛል?"

"በጎንደር አንድ ሰፊ ብቻ አለ" አልኩና ክንዱን ይዤ ወደ ሱቄ ወሰድኩት። ይርገዱ እልልታዋን አቀለጠችው። እሱ ሲበላ እኔ ገበሩን በነጻ ሰፋሁለት።

"ያን ቅዳሜ የመጣሁት ቤቱን ለማየት ነበር" አለኝ እየጎረሰ። "የልብስ ነገር ሰበብ ነው።"

ደነገጥኩ። "ሙገሳውስ?"

"እሱስ እውነት ነው።"

ተመስገን!

ይኸው እስከ ዛሬ ወዳጆች ነን። ጎንደር ሲመጣ ያንኑ ካፖርት ለብሶ ከደጃፌ ይቆምና ጀርባውን እየዳበሰ "ዛሬስ ምን ሰፍተህብኝ ይሆን?" ይለኛል። ውሉ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ይርገዱ አንገት ላይ። እኔ እንደሆንኩ ሰው ሲያሞግሰኝ ዛሬም ልቤ ይቀልጣል። ብቻ አሁን፣ ከመቅለጤ በፊት ቀና ብዬ ምስማሩን አያለሁ።