ስም ያልወጣላት ጥንዚዛ

እናቴ ስትሞት እህቶቼ ብሩንና ልብሱን ተከፋፈሉ። ለእኔ የአንገቷን አምበር ተዉልኝ፤ ደብዝዞ ስለነበር ማንም አልፈለገውም። አምበር ዱሮ ከዛፍ የፈሰሰ ሙጫ ነው፤ መሬት ውስጥ ሲቆይ ይደነድናል። አያቴ የመስቃን በርበሬ ሰጥቶ የለወጠው ነው፤ ነጋዴው ከሰሜን ሸዋ ገደል ሥር የወጣ ነው ብሎታል አሉ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ስታስነካው ስለኖረች ውስጡ አይታይም ነበር።

እኔ ወልቂጤ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። ማይክሮስኮፕ እወለውላለሁ፣ ተማሪ የሰበረውን እለቅማለሁ። ጡረታ ለመውጣት ዓመት ሲቀረኝ፣ በየምሳ ሰዓቱ ከአንገት ጌጡ ትልቁን የአምበር ፍሬ በውሃና በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመርኩ። አንድ ቀን ውስጡ ጥንዚዛ ታየችኝ፤ ከጎመን ዘር አትበልጥም። ዝርያ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ስለሆነ የአንቴናዋን ክፍሎች በማይክሮስኮፕ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያበጡ። በእርሳስ ሣልኳት። ወራት ሙሉ ከመጻሕፍቱ ጋር አስተያየኋት፤ በሕይወት ካሉትም ከጠፉትም የምትመስላት አላገኘሁም።

አዲስ ዝርያ መጀመሪያ የገለጸ ሰው ስም ያወጣል። የእናቴን መንደር ስም ልሰጣት ወሰንኩ። ልጅ የለኝም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ስለ እሷ የጻፍኩት ጽሑፍ ወደ ሳይንስ መጽሔት የሚላከው በክፍሉ ኃላፊ በኩል ነው። በዕድሜ ልጄ ይሆናል።

«እናታችን፣ ይሄ የቡታጅራ ገበያ ፕላስቲክ እንዳይሆን» አለኝ። «ዛሬ ዝንብ አስገብተው ይሸጣሉ።»

«የእናቴ ነው።»

«ለእናትዎስ ማን ሸጠላቸው?»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ። መርፌ በእሳት አግሎ ሊፈትነው ተነሣ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይከረፋል፣ አምበር ከሆነ ዛፍ ዛፍ ይሸታል።

«በጀርባው በኩል ያድርጉት፣ ዶክተር።»

«ግድ የለም፣ ነካ ነው የማደርገው።»

ፍሬው በመቆንጠጫ እንደተያዘ መርፌውን አስጠጋ። ክፍሉን የሙጫ ሽታ ሞላው። «እውነት ነው ለካ» አለ ደስ ብሎት። ወዲያው ፍሬው ጠጭ አለ። እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ስንጥቅ ጭንቅላቷ ላይ ተጋደመ፤ አንቴናዋ ከስንጥቁ ሥር ተሸፍኖ አልታይ አለ።

ጽሑፉን የላክንለት መጽሔት መለሰው። የአንቴናዋን ክፍሎች በፎቶ አሳዩ፣ ካልሆነ ሌላ ናሙና ላኩ ይላል። ሥዕሌን አልተቀበሉትም። የቀሩትን የእናቴን ፍሬዎች ሁሉ አሽቼ ጨረስኩ፤ አንዱም ውስጥ ምንም የለም።

አሁን ቡታጅራ ነው የምኖረው። ለጡረታ ጉዳይ ወልቂጤ ስሄድ ኃላፊው መናኸሪያው አካባቢ ያገኘኛል። «እናታችን፣ ጥንዚዛዋ እንዴት ናት?» ይለኛል። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ፈርቼው አይደለም። እሷ ያላገኘችውን ስም እሱ ከእኔ እጅ አያገኝም።

አሥራ አንድ መሆናቸውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ዓይኔንም ሞራ ይዞታል። ያን ቀን መቆንጠጫውን ማን እንደያዘ ለጠየቀኝ ሁሉ «እሱ ራሱ» እላለሁ። የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንዳይንቀሳቀስበት አጥብቄ ነበር የያዝኩት።