ሌባ ጣት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ በጸሎቴም «ኃጢአቴን ይቅር በል» እላለሁ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ዲላ ሳለሁ አብራኝ ትዘምር የነበረችው አስቴር ከዚያው ደውላ «ታደለች አረፈች» ስትለኝ እዚህ ጅጅጋ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄን ሳላደርቅ ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

ታደለች ከጨለለቅቱ ወደ ዲላ የመጣች የመዘምራን ጓደኛዬ ነበረች። ጊታር ያስያዘችኝ እሷ ናት። ሁለታችንም የምናውቀው ጊታሩ አንገት ጫፍ ላይ የሚያዙትን ጥቂት ኮርዶች፣ የክር አያያዞች፣ ብቻ ነበር፤ ዘማሪው ዜማውን ከፍ ካደረገው እዚያ ስለማንደርስ እጃችንን ሰብስበን እናጨበጭባለን። በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእኔ ብቻ ዘዴውን አሳየኝ። ሌባ ጣትን ክሮቹ ሁሉ ላይ አጋድሞ መጫን፣ በቀሩት ጣቶች ቅርጹን መያዝ፣ ከዚያ ቅርጹን ሳይፈቱ ወደፈለጉበት ማንሸራተት። በቃ፣ ይኸው ነው። ጣቴ እስኪቆስል በድብቅ ተለማመድኩት። የጣቱን ስም ያኔ ልብ አላልኩትም።

እሑድ ዜማው ከፍ ሲል በጊታሩ አብሬው ከፍ አልኩ፤ ጉባኤው እልል አለ። ታደለች ደጅ ላይ ክንዴን ይዛ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ጸልዬ ነው፤ ጌታ ሰጠኝ» አልኳት።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። በጌታ ስም ዋሸሁ።

«እንግዲያው እኔም እለምነዋለሁ፤ ላንቺ የሰጠ እኔን ምን ብሎ ይነፍገኛል?» ብላ ሳቀች።

ጾመች። ከንፈሯ ደርቆ፣ ጣቶቿ ክሮቹ ላይ ሲርመሰመሱ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። አንድ ጣት ማጋደም ብቻ ነበር የቀራት። ለምን ዝም አልኩ? መመስገኑ ጥሞኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። በመጨረሻ ጊታሩን ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ «ለካ እኔን አይሰማኝም» አለችኝ። ያኔም ዝም አልኩ።

ከመዘምራን ወጣች፤ ቆይታ ከጸሎትም ቀረች። ስትታመም እንጸልይልሽ ቢሏት፣ «ተዉት፣ ለእኔ አይሆንም» ትል ነበር አለችኝ አስቴር። ያን ቃል ማን አስተማራት?

ልጅነት ነበር አልልም። በሕመሟ አልጋዋ አጠገብ የነበራችሁ ሁሉ፣ ሴት ልጅ ጥላ ማረፏን ሰምቻለሁ። እባካችሁ ጠርታችሁ ንገሯት፤ እናትሽን የነፈጋት ጌታ አይደለም በሏት። ማን ነው ብላ ከጠየቀች ስሜን ጥሩላት።