ቤት ፍለጋ፣ ከዲላ እስከ አሪቻ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በጥቅምት መጨረሻ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። የምሠራበት የዱቄት ፋብሪካ ተዘግቶ ወራት ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ የቡና ነጋዴ ቀጠረኝ። ሥራው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ያኔ የደራሳ አውራጃ ይባል በነበረው በዛሬው ጌዴኦ፣ አሪቻ ላይ በተተከለ አዲስ ቡና ማጠቢያ ማሽን ማንቀሳቀስ ነው። ሥራ ተገኘ ብለን እልል ካልን በኋላ ዋናው ጥያቄ መጣ፤ ባለቤቴን ጽጌንና ሁለቱን ልጆቻችንን የት ላሳርፋቸው? የጉዞዬ ዓላማ ይኸው ነበር።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ከዓመት በፊት እኔ ለሥራ ናዝሬት ባደርኩበት ሌሊት ሌቦች የቤታችንን በር ገንጥለው ገብተዋል። የወሰዱት አንድ ራዲዮና አንድ ጋቢ ብቻ ነው። ጽጌ ግን ጮኻ የሚደርስላት አጥታ፣ ትልቋን ልጃችንን ሶስናን አቅፋ አልጋ ሥር ሆና ስትንቀጠቀጥ አነጋች። ታናሹ ዮናስ ያኔ አልተወለደም። ከዚያ ወዲህ እኔ ከሌለሁ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አይዞርም። ስለዚህ ስትሸኘኝ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ማታ ማታ ቤትህ የምትገባበት ቦታ ካገኘህ እመጣለሁ። ውጪ የምታድር ከሆነ ግን ልጆቼን ይዤ እናቴ ዘንድ እቀራለሁ። እንዳትቀየመኝ።»

አልተቀየምኳትም። ግን ልጆቼን በዓመት አንዴ የማይ አባት መሆን አልፈለግሁም። «ቤት አገኝልሻለሁ፤ መቀርቀሪያው ድርብ የሆነ!» ብያት ወጣሁ።

እስከ ሻሸመኔ

አውቶቡሱ ገና ቃሊቲን ሳያልፍ ሞተሩ የሚያሰማው ድምፅ አላስቀምጥ አለኝ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄ ይበላኛል። ተነስቼ ለሾፌሩ ነገርኩት።

«ይቅርታ ጌታው፣ መካኒክ ነህ ወይስ ተሳፋሪ?» አለኝ ዞር ሳይል።

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው ዛሬ ተሳፋሪ ሁንልኝ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እኔም አኩርፌ ተቀመጥኩ። ዝዋይ ላይ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ተጠብሶ በሽልንግ ሲቀርብልኝ ኩርፊያው ለቀቀኝ። ሻሸመኔ የደረስነው ሲመሽ ነው። አልጋው በአንድ ብር ነበር፣ ትኋኑ በነፃ። ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ሞተሩ ያለ ችግር ሲነሳ ትንሽ ቅር እንዳለኝ አልደብቅም።

ዲላ

ከአዋሳ በኋላ አገሩ ተለወጠ። የይርጋዓለምን መገንጠያ ካለፍን ወዲያ መንገዱ ቀይ አፈር የለበሰ ፒስታ ነው፤ ግራና ቀኙ አረንጓዴ። ቤቱ እንሰት ውስጥ፣ እንሰቱ ቡና ውስጥ፣ ቡናው ደግሞ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ገደል የሚያክለው ቁልቁለት እንኳ ባዶ አልተተወም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ ያልቆመውን ጥያቄዬን ሲመልሱልኝ ቆይተው በመጨረሻ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰሉ። አሁን ሳስበው እንቅልፍ አልነበረም።

ዲላ ሞቅ ያለች የንግድ ከተማ ናት። ቡና የጫኑ የጭነት መኪኖች በዋናው መንገድ ተደርድረው ቆመዋል፤ በየመጋዘኑ ደጃፍ ሴቶች ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። አንድ እጅ ሙዝ በአሥር ሳንቲም ገዝቼ እየበላሁ ቀጣሪዬ ይቀበሉሃል ወዳለኝ ባለሱቅ ወደ አቶ ከድር ሄድኩ። አቶ ከድር ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ የከበሩ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የሚያከራዩት ቤትም ነበራቸው።

በመጀመሪያ የወባውን ነገር ላጣራ ብዬ ሰፈር ለሰፈር ዞርኩ። ወባ አለ ወይ ብዬ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «እኛ ጋ? በጭራሽ! እዚያ ታች ነው» ይለኛል። ታች ስወርድ ደግሞ «ከወንዙ ማዶ ነው» ይሉኛል። በዲላ ወባ ያለበትን ሰፈር የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የሚኖርበት ግን አንድም አላገኘሁም። ደክሞኝ ወደ አቶ ከድር ስመለስ የራሳቸውን ቤት አሳዩኝ።

ቤቱ ልቤን ሰረቀው። ከከፍታ ላይ፣ ከጎረቤት ራቅ ብሎ ለብቻው የቆመ ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ጣሪያውና አጥሩ ቆርቆሮ፣ መዝጊያው ብረት። መቀርቀሪያውን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት፤ እንደ ባንክ ቤት ካዝና ንቅንቅ አይልም።

«ወንድሜ፣» አሉኝ አቶ ከድር ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ቢጮህ እንኳ ውጪ አይሰማም!»

ይህንን እንደ ትልቅ ምስጋና ቆጥሬ ተቀበልኩት። የመኪናውንም ነገር አጣራሁ፤ ጠዋት ለአሪቻ ቅርብ ወደሆነችው ወደ ይርጋጨፌ የሚሄድ አለ፣ ማታ ከዚያ ወዲያ ካለችው ከሐገረ ማርያም የሚመለሰው ዲላ ያደርሰኛል። ሁሉም ገጠመ። አሪቻን አይቼ ስመለስ ውል እንፈራረማለን ተባብለን ተለያየን። በዚያች ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

አሪቻ

በማግስቱ በማለዳ ላንድሮቨር ተሳፍሬ ይርጋጨፌ ገባሁ። ከፍ እያልን ስንሄድ ብርዱ እየጠነከረ መጣ። ከይርጋጨፌ አሪቻ ድረስ በእግር ነው፤ ጆንያ የጫኑ በቅሎዎችን እየተከተልኩ፣ በቡና መሐል በሚያልፍ እርጥብ የእግር መንገድ ሄድኩ። በየዛፉ ቀይ ቡና ተንዠርግጓል። የመጀመሪያ ቀን ሠራተኛ ዘገየ እንዳይሉኝ ስቸኩል ሁለት ጊዜ አዳልጦኝ ወድቄያለሁ።

ማጠቢያው ስደርስ ጭር ብሏል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ገንዳው ደርቆ፣ አንድ ሰው ብቻ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቆጮ በጎመን ይበላል። የሠራተኞቹ አለቃ አቶ በራሶ ነው፤ የዚያው አገር ሰው፣ የጌዴኦ ተወላጅ። እንብላ ብሎ ከፊቴ ገፋ አደረገልኝና አየኝ።

«ባለማሽኑ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ በጠዋት ምን ልትሠራ መጣህ? ቡናው ገና ዛፍ ላይ ነው።»

አልገባኝም። አቶ በራሶ ጉርሻውን ውጦ እንደ ተማሪ አስረዳኝ። ቀን ቀን ሰዉ ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። የተለቀመው ቀይ ቡና ማጠቢያው የሚደርሰው ሲመሻሽ ነው። ከደረሰ ደግሞ ማደር የለበትም፤ ሳይፈለፈል ካደረ ይሸታል፣ ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚነሳው ማታ ነው።

«እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል?» አልኩት።

«እስኪያልቅ።»

«በየቀኑ?»

«ለቀማ እስካለ በየቀኑ። ሦስት ወር፣ ምርት ከበዛ አራት። እኛ የምናድረው እዚህ ነው።»

ያነሳሁትን ቆጮ መልሼ አስቀመጥኩት። የዲላው ቤት፣ የማታው መኪና፣ ያ ሁሉ ልፋት ባንዴ ፈረሰ። የዱቄት ፋብሪካ ሰው ነኛ! ወፍጮ በጠዋት ተነስቶ ማታ ይዘጋል፤ ሌላም ማሽን እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ጽጌ አትመጣም ማለት ነው። ሥራውንም እንዳልተው ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረንም።

እንደተባለውም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዉ ከየአቅጣጫው ወረደ። ወንዱ በትከሻው፣ ሴቷ በጀርባዋ፣ ቅርጫትና ጆንያ ሙሉ እሸት ቡና እየያዘ ሚዛኑ ፊት ተሰለፈ። ሞተሩን አስነሳሁት። ቀዩ ቡና ከላይ እየገባ ነጩ ፍሬ ከታች ሲወጣ ሳይ፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ እንኳ ሥራውን ወደድኩት። አቶ በራሶ ፊቴን አይቶ ነው መሰል ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ሚስትህ ፈሪ ነው?»

«ፈሪ አይደለችም!» አልኩት ቆጣ ብዬ። «ሌባ የገባባት ሴት ናት።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ከሆነ ዲላ አታስቀምጥ። ነገ እኔ ቤት፣ ይርጋጨፌ ውረድ። የኛ ሰፈር ሴቶች በለቀማ እንዴት እንደሚያድሩ እይና ከዚያ ወስን።»

ይርጋጨፌ

የአቶ በራሶ ሰፈር ከከተማው ዳር፣ ወደ አሪቻ መውጫ ላይ ነው። የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በየመካከላቸው የቀርከሃ አጥር፣ በየጓሮው እንሰት። የአቶ በራሶ ባለቤት ትኩስ ወተት ሰጥታኝ ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ጓሮውን መቃኘት ጀመርኩ። አየሁት! ከጎረቤት የሚያዋስነው አጥር ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ሰውዬው ሌት ተቀን ሥራ ላይ ስለሆነ ማን ይጠግንለት ብዬ አዘንኩ። ውለታም ልመልስ ብዬ ከኪሴ ፒንሳና ሽቦ አውጥቼ፣ ወድቆ ያገኘሁትን ቀርከሃ እያቆምኩ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።

ገና ሽቦውን ቆርጬ ሳልጨርስ ከማዶ የሴት ድምፅ መጣ።

«ማነው መንገዴን የዘጋው?»

በቀርከሃው መሐል ሳይ ጠና ያለች ሴት ድስት በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ወይዘሮ አየለች፣ ጎረቤቲቱ ናት። የአቶ በራሶ ባለቤት ከውስጥ ሮጣ ወጥታ ሥራዬን ስታይ አፏን ይዛ ሳቀች። ከሌላው ጓሮ ሌላ ሴት ብቅ አለች፤ እሷም ሳቀች። እኔ ፒንሳዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

«አጥሩ ተሰብሮ አይቼ ልርዳ ብዬ ነው፤» አልኩ።

«ተሰብሮ አይደለም፣ ከፍተነው ነው፤» አለች ወይዘሮ አየለች። «በለቀማ ወራት ወንዶቹ ማጠቢያ ያድራሉ። እኛ ደግሞ አጥሮቻችንን እንከፍታለን። ከዚህ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ደጅ ሳንወጣ እንደርሳለን። ለቀማው ሲያልቅ ወንዶቹ መጥተው ይዘጉታል።»

«ሌባ ቢገባበትስ?»

«ይግባ! በየት በኩል ሊወጣ ነው? በየጓሮው ሰው አለ። አንዷ ካሳለች ሌላዋ ምን ሆንሽ ትላለች።»

ያን ጊዜ የአቶ ከድር ምስጋና ትዝ አለኝ። ጽጌን ላስገባት የነበረው ብትጮህ ከማይሰማበት ቤት ውስጥ ነው። የሌቦቹ ሌሊት እኮ በራችን ጠንካራ ነበር፤ የጎደለው ጩኸቷን ሰምቶ የሚወጣ ሰው ነው። ሽቦውን ፈታሁ። ወይዘሮ አየለች በክፍተቱ አልፋ ድስቱን አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ሳትመለስ ስለ ጽጌ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ሌሊት ትተኛለች?»

«እኔ ከሌለሁ አትተኛም።»

«እኔም አልተኛም፣ እግሬን ያመኛል። እንግዲህ እናወራለና!»

ከወይዘሮ አየለች ቤት ቀጥሎ ያለው ቤት ባዶ ነበር፤ የሚኖርበት አስተማሪ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ሁለት ክፍልና ኩሽና፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ትምህርት ቤቱ ከደጃፉ ይታያል። አሪቻ በእግሬ ስለሆነ መኪና ጠባቂ አይደለሁም፤ ልጆቹ ከቀን እንቅልፋቸው ሲነሱ ወጥቼ ቁርስ ሳይበሉ እመለሳለሁ። ከፍታው ብርዳም ስለሆነ የወባውም ስጋት ቀለል ይላል። የበሩ መቀርቀሪያ ግን የማይረባ ነገር ነው። ገፋ ሳደርገው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ቤቱን ለእኔ እንዲያቆዩልኝ ለባለቤቱ ነገርኩ።

መመለሻ

ቤተሰቤን ላመጣ ከአቶ በራሶ ጥቂት ቀን አስፈቅጄ ተነሳሁ፤ ዲላ ላይ አቶ ከድርን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እንዲያ ያለ ቤት ትተህ የጭቃ ቤት?» ብለው በጣም ገረማቸው፤ ቢሆንም ለልጆችህ ብለው አናናስ አሸከሙኝ። በመንገድ ሁሉ አንድ ነገር አብሰለሰልኩ። ለቤተሰብ ሰፈር የሚመርጥ ሰው በሩን ከማየቱ በፊት ሰዉን ማየት አለበት፤ እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ጽጌ ግን ይህን አላየችም። ቁርጡን ከነገረችኝ ሴት ፊት ቆሜ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ሌሊት ቤቴ አላድርም ማለት ነበረብኝ።

ቤት ስገባ ሶስና አንገቴ ላይ ተንጠለጠለች። አናናሱ ተላጠ፣ ተበላ። ጽጌ እጇን አብሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መልካም መልካሙን አስቀድሜ ክፉውን ወደ ኋላ ላቆየው አስቤ ነበር፤ ዓይኗን ሳይ አልቻልኩም። ሥራው የማታ መሆኑን በቅድሚያ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ አጥሩን፣ የዘጋሁበትን ታሪክ፣ የወይዘሮ አየለችን እግር ሁሉ አንድም ሳላስቀር አወራሁላት። ሳቅ ትላለች ብዬ የጠበቅሁበት ቦታ ላይ እንኳ አልሳቀችም።

ከጓዳ ዮናስ ነቅቶ ሲያለቅስ ተነስታ አመጣችውና በጀርባዋ አዝላ እሹሩሩ እያለች ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደች። ይህች ሴት እናቷ ዘንድ ልትቀር ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ያ ያልከው የአጥሩ ክፍተት፣» አለችኝ፣ «ልጅ አዝዬ ያሳልፈኛል?»

«ያሳልፍሻል፤» አልኳት።