ቴቴ ኤስናት ያልለበሱት አንበሳ

የአንበሳው ቲሸርት ሲታደል ቴቴ ኤስናት «ልኬ አይደለም» ብለው መለሱት። የአባት እህት በእኛ ቴቴ ትባላለች፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ቅጥነታቸው እንደ ክር። የተሰጣቸው ቲሸርት ሁለት ቴቴ ይይዛል። አርባ ዓመት ሙሉ ለከተማችን ለሹሩጉዊ ተማሪዎች ዩኒፎርም የሰፉ ሴት፣ ቲሸርት ማጥበብ አቅቷቸው ነው? ማንም አልጠየቀም። በቤታችን መጠየቅ ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን የቀረን ፎቶ መነሳት ነው።

ቲሸርቱን ያሳተሙት የአባቴ ታላቅ ወንድም ባባሙኩሩ ኤፋስ ናቸው፣ ለቤተሰብ ቀን። ከኋላው «የአንበሳ ልጆች» ይላል። እኛ ዘንድ ዘር ሁሉ መጠሪያ እንስሳ አለው፤ ሰው የሚመሰገነውም በዘሩ እንስሳ ነው። ብታበላ፣ መንገድ ብትለቅ፣ «ተባረክ አንበሳ» ትባላለህ። ከተወለድን ጀምሮ አንበሳ ናችሁ ተብለን አደግን። ልጃቸው እንዲያውም የዘር ሐረጋችንን በኮምፒዩተር ሠርታ፣ በአያታችን ስም ሥር «ከጥንት ጀምሮ የዚሁ አገር ሰው» ብላ ጽፋለች። ማን ነገራት? ማንም። ያምራል ብላ ነው።

በዚሁ ሰሞን ታናሽ እህቴ ሹቫይ ሊምባኒ ፊሪ የሚባል ልጅ ወደደች። ክሊኒክ ውስጥ መድኃኒት ያድላል፤ አይጠጣም፤ እናታችንን እንደ አክብሮት ወጋችን ቁጢጥ ብሎ እያጨበጨበ ነው ሰላም የሚላት። አንድ ጥፋት አለበት፦ አያቱ ከማላዊ የመጡ ናቸው። አባታችን ስለሞተ ፈቃጁ ባባሙኩሩ ናቸው። እሳቸውም በቤተሰቡ ዋትሳፕ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ፊሪ? ማብዊዲ! ከዛምቤዚ ማዶ የመጣ፣ እንስሳ የሌለው ሰው ግቢዬ ሽማግሌ እንዳይልክ!»

ከስድቡ ሥር አርባ አንድ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ቆጥሬዋለሁ። ከሳቂዎቹ ግማሹ ባለ ዲግሪ ነው።

እየበገንኩ ቴቴ ዘንድ ሄድኩ። የእግር ስፌት መኪናቸው ላይ ተጎንብሰዋል።

«ቴቴ፣ ያለ ቴቴ ልጅ አትዳርም! እርስዎ ዝም ካሉ ማን ይናገር?»

«ቀስ በል፣ መርፌ ላይ ነኝ።»

«ሹቫይ እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው!»

«እኔ ስድሳ ሰባት ዓመት አፌን ዘግቻለሁ። የማን ይብሳል?»

ከዚያ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ፣ ነገሩኝ። አባታቸው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከማላዊ በእግራቸው መጥተው ክሮም ማዕድን ውስጥ ተቀጠሩ። ለማብዊዲ ሴት ልጁን የሚሰጥ አልነበረም። አብሯቸው ድንጋይ የሚበሳ ጓደኛቸው «የእኔን አንበሳ ውሰድ፤ ወንድሜ ነው እላለሁ» አላቸው። በተውሶ አንበሳ ተዳሩ። ቤት ውስጥ ግን አያቴ ባላቸውን የሚያመሰግኑት በሰውየው ቋንቋና በእውነተኛው ዘራቸው ነበር፦ «ዚኮሞ፣ ምዋሌ።» ዚኮሞ ምስጋናው ነው፣ ምዋሌ ዘሩ። አያቴ ገና እጃቸውን ለጭብጨባ ሲያገናኙ ሰውየው «በሩ!» ይላሉ። በሩ ይዘጋል። ከዚያ ነው ምስጋናው።

«ሰባት ዓመቴ ነው። ቧንቧ ጋ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ፣ አባቴ ባልዲዬን ቢያነሳልኝ ‹ዚኮሞ፣ ምዋሌ› አልኩት። ቤት ስንገባ እናቴ በጭልፋ መታችኝ። በሕይወቷ አንዴ ብቻ ነው የመታችኝ።»

«ታዲያ ባባሙኩሩም ያውቃሉ!»

«ኤፋስ? ስንት ዓመት በሩን ሲዘጋ የኖረው ማን ይመስልሃል?»

ተናደድኩ። በአጎቴ፣ በአርባ አንዱ ሳቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በቴቴም ተናደድኩ።

«ሹቫይም እንደ እርስዎ አፏን ዘግታ ታርጅ?»

የመኪናው ፔዳል ቆመ። ቴቴ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ቅዳሜ መጥተህ ውሰደኝ። በቀሚሴ ነው የምሄደው።»

ቅዳሜ፣ የቤተሰብ ቀን ነውና፣ የባባሙኩሩ ግቢ በአንበሳ ተሞላ። ሕፃኑ አንበሳ፣ ሽማግሌው አንበሳ፣ ሥጋ ጠባሹ አንበሳ። ሹቫይ ብቻ ጥግ ይዛ ሳድዛውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በጣቷ ትፈረፍራለች። ባባሙኩሩ ቢላዋ እንደያዙ፣ ሰው ይየኝ ብለው፣ የመጀመሪያውን ሳህን ለታላቅ እህታቸው አመጡ። ቴቴ ሳህኑን ተቀብለው አስቀመጡ፤ መዳፋቸውን አገናኝተው አጨበጨቡ፤ ጥርት ባለ ድምፅ፦

«ዚኮሞ፣ ምዋሌ።»

«በሩ!» አሉ ባባሙኩሩ።

ሳያስቡት ነው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ ቢላዋ በእጃቸው፣ አንገታቸው እንደ ልጅ ወደ ግቢው በር ዞረ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«የምን በር አባባ?» አለች የዘር ሐረግ ሠሪዋ።

«ክፍት ነው፣ ኤፋስ፤» አሉ ቴቴ። «እናታችንም የለችም፣ ጭልፋውም የለም።»

«ኤስናት፣ በልጆቼ ፊት አዋረድሽኝ!»

«እኔ አባቴን በስሙ ጠራሁት። ቲሸርት ያለበስከው አንተ ነህ።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው፤ ማላዊውን፣ ማዕድኑን፣ የተውሶውን አንበሳ።

«ታዲያ እኛ ማነን?» አለ አንዱ።

«እነዚያ በዋትሳፕ ስትስቁባቸው የነበራችሁት!» አልኩት። መታገስ አልቻልኩም።

ባባሙኩሩ ይቅርታ አላሉም፤ እስከ ዛሬም አላሉም። በሦስተኛው ቀን በዋትሳፑ አንዷ ስለ ትዕግሥት የሚሰብክ ጥቅስ ላከች። የሳቅ ምልክቱን ያጠፋ አንድ ሰው የለም። ሐሙስ ግን ባባሙኩሩ ደውለው «የዚያ ልጅ ሽማግሌ ይምጣ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

መጣ። ጥቅምት በእኛ አገር የሐሩር ወር ነው፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ባባሙኩሩ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀበሉት፤ ከኮቱ ሥር የቲሸርቱ አንበሳ ጭራ ይታያል። ሽማግሌው ውሃ ተቀብሎ እጁን ለጭብጨባ አገናኘ፤ «ተባረኩ፣ …» አለና ቆመ። ወሬው ደርሶታል፤ በምን እንደሚጠራቸው ጨነቀው። ሹቫይ በመስኮቱ በኩል ታያለች።

ባባሙኩሩ ከኮታቸው ቁልፍ ጋር ሲታገሉ ቆዩና ለጉሮሯቸው ብቻ «ምዋሌ» አሉ።

«አልተሰማም!» አሉ ቴቴ ከጓዳ። «ጮክ በል፣ በሩ ክፍት ነው።»