ጥርሴ የወጣባት ቀዳዳ

ዛሬ ጠዋት ንፋስ መውጫ ላይ አንድ ጎረምሳ በመፍቻ ለመፈንከት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ዘይት የሚያፈስ ሞተር ሳይክል እንድጠግንለት ይዞልኝ መጣ። የሞተሩን መተንፈሻ፣ የውስጡ ግፊት የሚወጣባትን ቀዳዳ፣ በማስቲካ ደፍኖታል። «አባባ፣ ላዩን ብዘጋው በታች አፈሰሰ» ይለኛል!

እኔም በጃንሆይ ጊዜ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ከሁለት ውዳቂ ሞተሮች አንድ ገጣጠምኩ። በመተንፈሻው ዘይት ሲተፋብኝ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ጠምዝዤ ወተፍኩበት። የተባረከ ነው፣ ያቆመዋል ብዬ።

የወገዳን ዳገት ስንወጣ የታፈነው ሞተር ዘይት የሚይዘውን ጎማ ፈንቅሎ ተፋው። የፈላው ዘይት ከኋላዬ የተፈናጠጠውን የባለቤቴን ወንድም ባቱን ላጠው። ሁለታችንም ተዘረርን።

ቀድሞኝ ተነሣ። «አቃጠልከኝ!» እያለ በሽመሉ አፌን አለኝ። ደሜን ስተፋ ሁለት ጥርሶች አብረው ወጡ። ሁለተኛውን ምት ክንዴ ተቀበለው፤ አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል።

ዛሬ ማስቲካውን በሽቦ ቆፍሬ አወጣሁ፣ ዘይት መያዣውን ጎማ ለወጥኩ፣ መተንፈሻው ላይ ረዘም ያለ ቱቦ ሰካሁ። ማፍሰሱ ቆመ።

ጎረምሳው አጎንብሶ አየና «ግን በዚች ቀዳዳ ምኑ ነው የሚወጣው?» አለኝ።

ከንፈሬን ገልጬ አሳየሁት።

እናንተስ፣ ምን ደፍናችሁ ምን ፈነዳባችሁ? ጥርስ የቀራችሁ ጀምሩ።