ልጄ የቤጎኒያ ቅጠል የበላች ቀን

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንኖር በረንዳችን በቤጎኒያ አበባ የተሞላ ነበር፤ ግማሹ በተቆረጠ ጀሪካን፣ ግማሹ በወተት ጣሳ። የመጀመሪያውን ቅጠል የሰጡኝ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት የወሎ ተወላጅ ጎረቤቴ ናቸው። ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ከዕቃቸው ሁሉ አስቀድመው ያወጡት ያንን አበባ ነበር። "ቅጠሉን ከነዘንጉ ቁረጪና እርጥብ አሸዋ ላይ ሰክተሽ ተይው፤ ራሱ ሥር ያወጣል" ብለው አስተማሩኝ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ቅጠል ስቆርጥ የሁለት ዓመት ልጄ አጠገቤ ትጫወት ነበር። ውሃ ላመጣ ወደ ኩሽና ገባሁ። ጆጉ ሳይሞላ ጩኸቷን ሰማሁ። ስመለስ አገጯ በለሃጭ ርሷል፤ ምላሷን አውጥታ በሁለት እጇ ትፍቀዋለች። ሳህን ላይ ካስቀመጥኳቸው ቅጠሎች የአንዱ ግማሽ የለም።

"ምን በላሽ? ትፊው!"

ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ ፍርፋሪ አወጣሁ። ስንቱን እንደዋጠች ግን አላውቅም። አበባው መርዝ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ሳጠጣው፣ ሳራባው፣ አንድ ቀን እንኳ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ቁጭ ብዬ አቀፍኳት።

ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምተው በባዶ እግራቸው መጡ።

"እማማ፣ ይገድላል እንዴ?" አልኳቸው።

መልሱን ከፊታቸው ፈለግሁ፤ እሳቸውም ፈርተዋል። "እኔ እንጃ ልጄ። በይ ተነሽ፣ ያዣትና እንሂድ!" አሉና አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሰው በፌስታል ያዙ።

ታክሲ ውስጥ ልጄ ማልቀስ አቆመች። ዝምታዋ ከለቅሶዋ የባሰ አስፈራኝ። እንቅልፍ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተኝ። ጆሮዬን ወደ አፍንጫዋ አስጠግቼ ትንፋሿን ለመስማት ብሞክር የሞተሩ ድምፅ አላሰማኝ አለ።

"ሹፌር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ፍጠንልን!" አሉ ጎረቤቴ። ረዳቱ ሰው መጥራቱን ትቶ በሩን ዘጋ።

ክሊኒክ ስንደርስ ሐኪሟ ጉሮሮዋን በባትሪ አየች፤ አፏን አጥባ ቀዝቃዛ ወተት አጠጣቻት። ቅርንጫፉንም አገላብጣ አየችው።

"ያቃጥላል እንጂ በዚህ መጠን አይገድልም፤ የከፋው ሥሩ ነው። ጉሮሮዋ እንዳያብጥ ግን እዚሁ ቆዩ" አለችን።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ልጄ ምራቋን በዋጠች ቁጥር እኔም አብሬያት እውጥ ነበር። አመሻሽ ላይ ዳቦ ስትጠይቀኝ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ጣሳዎቹን በሙሉ ሊጥል ተነሳ። ጎረቤቴ "እኔ ዘንድ ትንሽ ልጅ የለም" ብለው አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው አሻገሯቸው። እኔም አልተከራከርኩም። ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ እንኳ እሳቸው ቤት ሄጄ ያንን ቅጠል ከነካሁ፣ እጄን ሳልታጠብ አልይዛትም ነበር።